በባሕር ማዶ የተደበቀ ሀብት ባለቤቶች ስም ይፋ ይውጣ ወይስ አይውጣ?

የክርክሩ ጥያቄ (ተከራካሪዎቹ በድሬዳዋ ሰፈሮቻቸው ስም ተጠርተዋል)፦ በግብር መሸሸጊያ አገሮች የተደበቀ ሀብትን የሚመረምር ጋዜጠኛ፣ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያላላቸውን የኩባንያ ባለቤቶች ስም ይፋ ማውጣት ይገባዋልን?

ከከዚራ፣ የሕግ ባለሙያ፦ አይገባውም ባይ ነኝ። በውጭ አገር ኩባንያ ማስመዝገብ በራሱ ወንጀል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆኑት 11.5 ሚሊዮን የፓናማ ሰነዶች ለደንበኞቹ የባሕር ማዶ ኩባንያ ያቋቁም ከነበረው ሞሳክ ፎንሴካ ከተባለ የፓናማ የሕግ ድርጅት ያፈተለኩ፣ ጠበቃ ለደንበኛው ሊጠብቀው የሚገባ ምስጢር የነበሩ ናቸው። ስሙ በአደባባይ የተነሳ ሰው በኋላ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ማን ይክሰዋል?

ከሳቢያን፣ ትራንዚተር፦ ጋሼ፣ ሥጋትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ማስረጃ ይቅደም ሲሉ ማስረጃው የተቆለፈበት ቤት እንዳይከፈት እየተከላከሉ ነው። ከሥራዬ ልጥቀስ። ከቀረጥ ነፃ መብት ያለው ባለሀብት በጅቡቲ በኩል ማሽን ሲያስገባ የኢንቮይሱ ዋጋ ቢጋነንም ቀረጥ አይጨምርበትም፤ ይልቁንም የተጋነነው ዶላር ወደ ሻጩ ይሄዳል፣ እዚህ ደግሞ ለማሽኑ እርጅና በየዓመቱ ከትርፍ የሚቀነሰው ሒሳብ ከፍ ስለሚል የትርፍ ግብሩ ያንሳል። ሻጩ በግብር መሸሸጊያነታቸው በሚታወቁት በብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች የተመዘገበ የራሱ የገዢው ኩባንያ ቢሆንስ? በወረቀቱ ላይ የሚታየው በክፍያ የሚፈርም የይስሙላ ዳይሬክተር ስም ብቻ ከሆነ፣ ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጹን) የሞላሁት እኔም ሆንሁ ፈታሹ እውነተኛውን ባለቤት አናውቅም።

ከመጋላ፣ ነጋዴ፦ በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የእኛ የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣናስ ከዚህ በምን ይለያል?

ከሳቢያን፦ በቀጣናው ዕቃ ይራገፋል፣ ይከማቻል፣ ይቆጠራል። የዚያ ማዶው ኩባንያ ግን ሠራተኛም መጋዘንም የሌለው፣ የፖስታ አድራሻ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከገንደ ቆሬ፣ መምህርት፦ የአይስላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በዚያው እ.ኤ.አ. በ2016 ሥልጣን የለቀቁት ፍርድ ቤት ስለፈረደባቸው አልነበረም። የባለቤታቸው የባሕር ማዶ ኩባንያ ከወደቁት የአገሪቱ ባንኮች የሚጠይቀው ገንዘብ እያለው፣ እሳቸው ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር የሚደራደረውን መንግሥት ይመሩ ነበር። ሕዝቡ ይህን ማወቅ አልነበረበትምን? በማልታ የባለሥልጣናትን የፓናማ ኩባንያዎች ያጋለጠችው ጋዜጠኛ ዳፍኔ ካሩዋና ጋሊዚያ እ.ኤ.አ. በ2017 መኪናዋ ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገድላለች። ስለ ስም መጉደፍ ስናወራ ይህንንም በሚዛኑ ላይ እናስቀምጥ።

ከከዚራ፦ ስለ ባለሥልጣናት የተባለውን ተቀብያለሁ፤ የመጀመሪያ አቋሜ ከሚገባው በላይ ሰፊ ነበር። የግል ነጋዴ ግን ይለያል።

ከሳቢያን፦ ከቀረጥ ነፃ ያስገባ፣ ከመንግሥት ባንክ የተበደረ ነጋዴም የግል ነው ልንል ነው?

ከከዚራ፦ የሕዝብ ገንዘብ የነካውን እጨምራለሁ። ሆኖም ጋዜጠኛው ከማተሙ በፊት ሰነዱን አሳይቶ ምላሹን ይጠይቀው፣ ምላሹም ከዘገባው ጋር አብሮ ይውጣ። ከዚህ ዝቅ ብዬ አልስማማም።