የሻገተ ዛላ በርበሬ ላይ እርድ ቢጨመርበት ያድናል እንዴ?

ሚሚ ከአዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ። እዚሁ አዳማ ገበያ 6 ኪሎ ዛላ በርበሬ ገዝቼ ልቀነጥስ ቁጭ ብዬ አንዱን ስሰነጥቀው ውስጡ አመድ የመሰለ ሻጋታ፣ ፍሬው እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ከላይ ሲያዩት ግን ቀይ ነው ምንም አይልም። ሌላም ስከፍት እንደዛው። እናቴ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ሲታመስ ይሞታል፣ ነጭ ሽንኩርትና እርድ ሲገባበት ደግሞ መርዙን ይሰብረዋል አለችኝ። እኔም እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ሴልን ሻጋታ ከሚያወጣው መርዝ ከአፍላቶክሲን ይከላከላል የሚል አንብቤያለሁ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ ግራ ገባኝ።

የምግብ ሳይንስ ተማሪ፦
ሚሚዬ፣ ስትታመስ የሚሞተው ሻጋታው ነው፣ መርዙ ግን እዛው ይቀራል፤ አፍላቶክሲን ለመፍረስ ከ200 ዲግሪ በላይ የሚፈልግ ነገር ነው፣ ወጥ ደግሞ 100 አካባቢ ነው የሚፈላው። ያነበብሽው ውሸት አይደለም። ጉበት መርዙን ሲያገኝ ኢፖክሳይድ ወደሚባል የባሰ አደገኛ መልክ ይቀይረዋል፣ እሱ ሄዶ ዲኤንኤ ላይ ይለጠፋል፣ በዛ ላይ ሴሉ ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባል ሴል የሚጎዳ ነገር ይበዛል። ኩርኩሚንና ቀይ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ኩዌርሴቲን ላብራቶሪ ውስጥ በሴልና በአይጥ ላይ ሲሞከሩ ጉዳቱን ቀንሰዋል፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ግሉታቲዮን የሚባል መከላከያ ከፍ እንዲል ያግዛሉ፣ ግሉታቲዮን ደግሞ ኢፖክሳይዱን ይዞ በሽንት ያስወጣዋል። ችግሩ ሴሉ ላይ በቀጥታ የሚፈስሰውና ወጥ ውስጥ የምትበትኚው አንድ አይደለም፣ ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው በጣም ጥቂቱ ነው። በሰው ላይ የተሞከረ አለ፣ ቻይና ቺዶንግ ውስጥ 180 ሰው ተካፍሎ፣ ከክሎሮፊል የሚሠራ ክሎሮፊሊን 100 ሚሊግራም በቀን ሦስቴ ለ4 ወር የወሰዱት ሽንታቸው ውስጥ ያለው የዲኤንኤ ጉዳት ምልክት ካልወሰዱት በ55 በመቶ አንሶ ተገኘ። ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ያ በኪኒን ነው፣ ያውም ቀሪው አልጠፋም። ለልጆችሽ ስል ነው የምልሽ፣ የሻገተውን ጣይው።

የበርበሬ ነጋዴ፦
እህቴ ስትገዢ ዛላውን ጆሮሽ ጋ አድርገሽ ነቅንቂው፣ በደንብ የደረቀ ፍሬው ይንሿሿል፣ ዝም ካለ እርጥበት አለው። አንዳንዱ ኪሎ እንዲያነሳለት ውሃ ይረጭበታል፣ ታጥፎ የማይሰበር ዛላ አትግዢ። አምስት ስድስቱን ሳትሰነጥቂ ገንዘብ እንዳትከፍዪ፣ ነጋዴው ቢቆጣ ሌላው ጋ ሂጂ። ቤት ስታስቀምጪም ላስቲክ ውስጥ ሳይሆን ጆንያ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጊው።

ከብት አርቢ ከቦኩ ሸነን፦
በርበሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የሻገተ ፋጉሎ የበላች ላም መርዙን ወደ ወተቷ ታስተላልፋለች። አዲስ አበባ ዙሪያ 110 የወተት ናሙና ተመርምሮ ሁሉም ውስጥ ኤም1 የሚባለው፣ ወተት ውስጥ የሚወጣው የአፍላቶክሲን ዓይነት ተገኝቷል፣ የአውሮፓን ልክ ያላለፈው 9ኙ ብቻ ነበር፣ ብዙውን ያመጣው የኑግ ፋጉሎ ነው ተብሏል። እኔ ከዛ ወዲህ ፋጉሎ በብዛት አላከማችም፣ የሳምንት የሳምንቱን ነው የማመጣው።

ሚሚ ከአዳማ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ከሰዓት ከእናቴ ጋር አንድ በአንድ ከፈትነው፣ 2 ኪሎ ገደማ ወጣ፣ ለዶሮም አልሰጠሁትም ቀበርኩት። እርዱን ለጣዕሙ እጨምረዋለሁ። አሁን ልጆቼ የሚበሉት ለውዝ ትዝ አለኝ፣ እሱንስ እንዴት ነው የምትለዩት?

የምግብ ሳይንስ ተማሪ፦
የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የጠቆረውን፣ የሚመረውን አውጪ። ከመፈጨቱ በፊት ነው እንጂ የለውዝ ቅቤ ከሆነ በኋላ ማየት አትችዪም።