ሊብሬኦፊስን በአማርኛ ለ6 ወረዳዎች ያለ ኢንተርኔት እንዴት ልጫን?

ጠያቂ (የዞን አይሲቲ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በ6 ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ወደ 180 ኮምፒውተር አለን። ሁሉም ላይ ሊብሬኦፊስ (እንደ ወርድ ደብዳቤ የሚጻፍበት ነፃ የቢሮ ፕሮግራም) በአማርኛ ገጽታ፣ ማለትም ምናሌው በአማርኛ ሆኖ፣ እንድጭን ታዝዣለሁ። ደህና ኢንተርኔት ያለው ዞን ላይ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 7ም 10ም አለ። ከየት ልጀምር?

ቆላ ሰርቨር፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዊንዶውሶቹን ለይተሽ ቁጠሪ። ሊብሬኦፊስ 25.8 ዊንዶውስ 7ን አይቀበልም፤ ለእነሱ ቀደም ያለ እትም ያስፈልግሻል። የዊንዶውሱ ፋይል 350 ሜጋባይት አካባቢ ነው። አንዴ ዞን ላይ አውርጂና ይዘሽ ሂጂ። የአማርኛው ገጽታ እዚያው ውስጥ አለ፣ ግን ዊንዶውሱ እንግሊዝኛ ከሆነ በራሱ ላይጨምረው ይችላል። ስትጭኚ «ከስተም» ብለሽ ከቋንቋዎቹ ውስጥ አማርኛን ምረጪ። ከመስመር ውጭ የሚሠራው እገዛ ለብቻው ፋይል ስለሆነ እሱንም አትርሺ።

የመዝገብ ቤት ልጅ፦ መጫኑ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ፎንቱ ነው። የእኛ መዝገብ ቤት የቆዩ ደብዳቤዎች በድሮው ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ናቸው። እነዚያ ፎንቶች ፊደሉን የሚያስቀምጡት በላቲን ኮድ ስለሆነ፣ ፎንቱ ከሌለ ወይም ወደ ኒያላ (የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት) ከቀየርሽው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይመጣል። አንድ ባልደረባዬ «ለማጽዳት» ብሎ ፎንቶቹን አጠፋቸውና የ10 ዓመት ደብዳቤ ማንበብ አቃተን። የድሮዎቹን አትንኪ። አዲስ ደብዳቤ ግን ሁሉም በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር) ይጻፍ፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው የዩኒኮድ ፎንት በነፃ ስለሚገኝ አብረሽ ጫኚው። በዊንዶውስ 10 ኒያላ ተጨማሪ የሚወርድ ነገር ሆኗል፣ አለ ብለሽ እንዳትተማመኚ።

ስም የለሽ፦ በፍላሽ አትዙሪ! በወረዳ ኮምፒውተር አንዴ ከተሰካ ፎልደሮቹን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል፣ ከዚያ ለቀጣዩ ወረዳ አንቺው ታደርሺዋለሽ። ዲቪዲ ላይ ጻፊው። የውስጥ ኔትወርክ ባለበት ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሼር አድርጊና ከዚያ ጫኚ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዛሬ አንድ ዊንዶውስ 10 ላይ ሞከርኩት፣ ምናሌው በአማርኛ መጣ። ግን ደብዳቤ የምልክላቸው ሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙት ወርድ ነው፤ እንዴት ላድርግ?

ቆላ ሰርቨር፦ ከአማራጮች ውስጥ «ጫን/አስቀምጥ» የሚመስለውን ክፍል ክፈቺና የጽሑፍ ሰነድ ሁልጊዜ በወርድ ፋይል ዓይነት (.docx) እንዲቀመጥ አድርጊ። ፊርማና ማኅተም ያለበትን ግን ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪ።