ከሃርት አታክ በኋላ አባባን ሲጋራ እንዴት ላስቁማቸው?

የጊንጆዋ፦
ሰላም ናችሁ? አባባ በቅርቡ ሃርት አታክ ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው ወጡ። ሐኪሙ ሲጋራ እንዳይነኩ አስጠንቅቋቸዋል። ቤት ውስጥ አያጨሱም። ከሰዓት በርጫ ተቀምጠው ሲመለሱ ግን ልብሳቸው ይሸታል። ስጠይቃቸው «አንድ ፍሬ ምን ታደርገኛለች» ይላሉ። እንዳልቆጣ አባት ናቸው። ምን ላድርግ?

ነርሱ፦
ፈጣሪ ይማርልሽ። አንዷም ፍሬ ትጎዳቸዋለች። ጭሱ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ የልብን ደም ስርም ያጠባል። ከሃርት አታክ በኋላ ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች የመሞት አደጋቸው ካላቆሙት በሲሶ ገደማ ያነሰ ነው። ይህን ንገሪያቸው።
የሚከብደው የመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ነው። ይነጫነጫሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ኒኮቲን ያለው ማስቲካ ወይም ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ይረዳል፤ ግን ሐኪማቸውን ሳትጠይቂ እንዳትጀምሪ። ክትትላቸው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከሆነ፣ በቀጠሮው ቀን አብረሽ ግቢ። ብቻቸውን ከገቡ «አቁሜያለሁ» ብለው ነው የሚወጡት። ደረታቸውን እንደገና ካመማቸው ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ወዲያው ይዘሻቸው ሂጂ።

ያቆመው፦
ነርሱ ልክ ነው፣ ዋናውን ግን ዘሎታል። ጫቱስ? ምርቃናው ሲመጣ እጅ ራሱ ፓኮ ይፈልጋል፣ እኔ አውቀዋለሁ። ጫት ብቻውንም ቢሆን የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። ጓደኞቻቸውን አናግሪ። «አታጭሱ» ብትያቸው አይሰሙሽም። «ከሰዓት ቤት እየመጣችሁ አጫውቷቸው» በያቸው። እኔን አጎቴ በበርጫ ሰዓት ሱቁ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። ያኔ እንዴት እንደጠላሁት!

እናት ከሂርማታ፦
ልጄ፣ ቡናውንም እዪው። ባለቤቴ ሲጋራ ሲያቆም እንቅልፍ አጣ፣ ልቡም ድው ድው ይል ጀመር። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ቡና ነው። የሚያጨስ ሰው ሰውነቱ ካፌይንን ቶሎ ያስወግዳል። ሲያቆም ያችው ሲኒ እጥፍ ሆና ትሰማዋለች። ጅማ ተቀምጦ ቡና ተው አይባልም፣ ግማሹን ቀንሺላቸው።

የጊንጆዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ፣ ከአቦል በኋላ ለሳቸው አልቀዳም። ጓደኞቻቸውን ማናገሩ ግን ያሳፍረኛል። ወንድሜን ልላከው መሰለኝ።

ያቆመው፦
ወንድምሽ ያጨሳል? ካጨሰ አትላኪው።