«ልጅ እያላቸው ከባዳ ጋር?»

ቀበና ዳር፦ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ሰምቼ ደሜ ፈላ። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ግቢያቸውን ሸጠው፣ ወጣትም ሕፃንም ካለባቸው አምስት ቤተሰቦች ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ሊኖሩ ነው። ሁሉም የየራሱ ቤት አለው፤ ትልቁ ሳሎንና አንድ ማብሰያ የጋራ ነው። አንዱ ደውሎ ምን አለ? «ልጅ እያላቸው ከባዳ ጋር? ይሄ ለልጆቹ ስድብ ነው።» እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የጎተራው፦ ሰውዬው እውነቱን ነው። ጧሪ ቀባሪ የምንለው ለምን ሆነና?

የሦስት ልጆች እናት፦ የኔዎቹ ለቀባሪነቱ በአውሮፕላን ይደርሳሉ። ጧሪነቱ ግን በቪዲዮ አይሆንም። አንዱ ዳላስ፣ አንዷ ዱባይ፣ ትንሹ አያት ሰፈር። በትራንስፖርቱ ምክንያት የአያቱ ከዳላሱ ይርቃል።

የጎተራው፦ እናቴ ይቅርታ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም። ግን ባዳ ያው ባዳ ነው።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦ ይቺ «ባዳ» የምትባል ቃል አልዋጥልህ አለችኝ። እናቴ ካዛንቺስ ቀበሌ ቤት 40 ዓመት ኖራለች። አንድ ግቢ፣ ሰባት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ስትወድቅ በር ገንጥሎ የገባው የጎረቤት ልጅ ነው። እኔ ልጇ ሐዋሳ ተኝቼ ነበር። ባዳው ማን ነው?

የጎተራው፦ የሽንት ቤት ወረፋ ናፍቆህ ነው? ያ ምርጫ አልነበረም፣ መቸገር ነው። ትርፍ ቤት የወረሰው አዋጅ 47/67 ያመጣብንን መጨናነቅ ባህል ነው ብላችሁ አትሽጡልን።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦ ሽንት ቤቱን ላንተ። እኔ የማወራው ስለ ተገነጠለው በር ነው። በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ ግቢው ተበተነ። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፣ ቤቷ ንጹሕ ነው፣ ሽንት ቤቱም የራሷ። ቡና አፍልታ ቶናውን ብቻዋን ትጠጣዋለች። ሲኒ ግን አሁንም ስድስት ነው የምትደረድረው።

ቀበና ዳር፦ ውይ።

ሕግ አንባቢ፦ እንባውን ተዉትና እንነጋገር። ሐሳቡ የዴንማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሴተዳመን የሚባል መንደር ተጀመረ፣ 27 ቤት ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ኩሽና አለው፤ የጋራው ቤት ተጨማሪ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ አይደለም፣ ልጅ ያላቸው ወጣቶች ናቸው የጀመሩት። እኛ ጋ የሚያስፈራኝ ወረቀቱ ነው። አንዱ ሲሞት ወራሹ መጥቶ ቤቱን ለማይታወቅ ሰው ቢያከራየውስ? የ1995ቱ የጋራ ሕንፃ አዋጅ ስለ ጋራ መጠቀሚያና ስለ ባለቤቶች ማኅበር ይደነግጋል። ዛሬ ራት የማን ተራ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም።

ልደታ ኮንዶ፦ ማኅበር አትበሉኝ! እኛም የጋራ ቤት አለን። እንጀራ ይጋገርበት፣ ልብስ ይታጠብበት፣ በግ ይታረድበት ተብሎ የተሠራ። ዛሬ ሱቅ ነው። ኪራዩ የት ይገባል ብዬ ብጠይቅ ኮሚቴው አኮረፈኝ። የፋሲካ በግ ደረጃ ሥር ነው የሚታረደው። ይሄ ሕዝብ ነው ራት አብሮ የሚበላው?

የሦስት ልጆች እናት፦ እሱስ እሺ፣ በሁዳዴ አጠገቤ ጥብስ ሊጠበስ ነው? ያኔ ምን ልሁን?

ካዛንቺስ ነበርኩ፦ በኛ ግቢ እስላምም ክርስቲያንም ነበር። ሰርግ ሲሆን የሙስሊሙ ለብቻው ይታረዳል፣ ድስቱም ለብቻ። ማን ተጣላ?

ልደታ ኮንዶ፦ ሰርግ በዓመት አንዴ ነው ወንድሜ። ራት በየቀኑ ነው።

የጎተራው፦ ይኸው ሥጋ ውስጥ ገባችሁ። የኔን መልሱልኝ። አባቴ ነገ ተነስቶ እንዲህ ቢያደርግ ሰው ምን ይለኛል? «ልጁ አባረረው» ነው የሚባለው።

የሦስት ልጆች እናት፦ አየህ ልጄ፣ የፈራኸው ለስምህ ነው። አባትህን ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?

የጎተራው፦ ምን እጠይቀዋለሁ፣ እኔ ጋ ነው ያለው። ምንም አልጎደለበትም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ቀን ቀን ከማን ጋር ይውላሉ?

የጎተራው፦ ቴሌቪዥን አለ። ሠራተኛዋም አለች።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦ ሠራተኛዋ ዘመድ ናት ባዳ?

የጎተራው፦ አንተ ደግሞ ነገር አታጣም።

ልደታ ኮንዶ፦ የሱቁን ኪራይ ነገር ግን የመለሰልኝ የለም።