ባትሪው ጭራ ውስጥ፣ ሞተሩ አፍንጫ ላይ፦ የአርቪ-10 ግራውንድ የጋራ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጋራ የምንሠራው የአርቪ-10 አውሮፕላን የጭራው የሪቬት ሥራ እያለቀ ነው። ገመድ መዘርጋት ከመጀመራችን በፊት የግራውንዱን፣ ማለትም ከረንቱ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መንገድ፣ ጉዳይ በአንድ ረቂቅ እንቋጨው። ረቂቁን መጀመሪያ የኢ.ኤ.ኤ. (አውሮፕላን በራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር) ቴክኒካል አማካሪው ያየዋል፣ ከዚያ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ይሄዳል። ጥያቄው አጭር ነው። አርቪ-10 ላይ ባትሪው ከሻንጣ ማስቀመጫው ኋላ ጭራ ውስጥ ነው። ፖዘቲቩ በወፍራም ገመድ ወደ ፊት እንደሚሄድ ተስማምተናል። ኔጌቲቩስ በምን ይመለስ? በአውሮፕላኑ አካል ወይስ በራሱ ገመድ?

የሞተር ክፍል፦ እኔ የራሱ ገመድ ይኑረው ባይ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ነው የኖርኩት። ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻው) አልዞር ሲል መጀመሪያ የማየው ኔጌቲቩን ነው። ወይ ዝጓል፣ ወይ ብሎኑ ላልቷል፣ ወይ ሥሩ ቀለም አለ። እኛ ደግሞ ይህን አውሮፕላን ከላይ እስከ ታች ፕራይመር (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) ቀብተነዋል። ፕራይመር ከረንት አያሳልፍም። 200 አምፒር በሪቬት ላይ ይመለሳል ስትሉኝ አይዋጥልኝም።

የኤሌክትሪክ ክፍል፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ግን ሒሳቡን አንዴ አብረን እንየው። ቁጥር 2 የመዳብ ገመድ ስፋቱ ወደ 33 ካሬ ሚሊሜትር ነው። 5 ሜትር ብንዘረጋ ወደ 2.6 ሚሊኦም ይሆናል። በ200 አምፒር ግማሽ ቮልት እዚያው ገመድ ላይ ይቀራል። መዳቡ ብቻ 1.5 ኪሎ ይመዝናል፣ ሽፋኑ ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

አሁን ላሜራውን ይዩት። ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር፣ ዙሪያው 2 ሜትር ብቻ ነው እንበል። 1600 ካሬ ሚሊሜትር አሉሚኒየም ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ አሉሚኒየም ከረንት የማሳለፍ አቅሙ ከመዳብ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ስፋቱ ስለሚያካክሰው ከገመዱ ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል። ፕራይመሩን በተመለከተ፣ ሪቬት ሲመታ ያብጥና የቀዳዳውን ግድግዳ ይነክሳል። ያ ደግሞ አንድ ቦታ ሳይሆን በመቶዎች ቦታ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መሃሉ አይደለም። የሚያሳስበኝ ሁለቱ ጫፎች ናቸው፤ ገመዱ በብሎን ላሜራውን የሚነካበት ቦታ።

የሞተር ክፍል፦ ጫፎቹን ካነሳህ ተስማማን ማለት ነው። እኔም የምለው እሱን ነው። ግን መሃሉንም ሳይለካ አላምንም።

የሬዲዮ ክፍል፦ ክብደቱና ቮልቴጁ ይሁን። እኔ ሌላ ነገር ላንሳ። አቅጣጫ የሚያነበው ማግኔቶሜትር ጭራ ውስጥ እንዲገባ ነበር የታሰበው። ፖዘቲቩ ብቻውን አጠገቡ ካለፈ፣ ዲናሞው ባትሪውን በሞላ ቁጥር ማግኔታዊ መስኩ ንባቡን ያዛባል። ኔጌቲቩ ከፖዘቲቩ ጋር ተጠጋግቶ ቢሄድ ኖሮ አንዱ የሌላውን ያጠፋው ነበር። ለተለየ ገመድ የምቀበለው ምክንያት ይህ ብቻ ነው።

የኤሌክትሪክ ክፍል፦ ይህ ከባድ ነጥብ ነው፣ አልክድም። ግን ለአንድ ሴንሰር ብለን ሁለት ኪሎ ከምንሸከም ሴንሰሩን ወደ ክንፍ ጫፍ ብንወስደውስ? የክንፉ ጫፍ ፋይበርግላስ ነው፣ ቦታም አለ። እዚያ ያለው መብራት ብቻ ነው። ለመብራቱ ሁለት የተጠማዘዘ ገመድ እንሰጠዋለን።

የሬዲዮ ክፍል፦ ገመዱ ከተጠማዘዘ ይሁን። ወደ ክንፍ ይሂድ።

የጥገና ቴክኒሻን፦ ስለ ጭራው ብዙ ተባለ። ሰው የሚጎዳው ግን ከፊት ነው። ሞተሩ የተቀመጠው ንዝረት በሚያበርድ የጎማ ትራስ ላይ ነው። ጎማ ደግሞ ግራውንድ አይሆንም። ከሞተሩ ወደ አካሉ የሚሄደው የተሸረበ ገመድ ቢረሳ ወይም ቢላላ፣ ከረንቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሚያገኘው ደግሞ የስሮትልና የሚክስቸር (የነዳጅና አየር ድብልቅ መቆጣጠሪያ) ኬብሎችን ነው። ሞተሪኖው ሲዞር እነዚያ ቀጫጭን ኬብሎች ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ፣ አንዳንዴ ከሽፋናቸው ጋር ይጣበቃሉ። ከዚያ በኋላ ስሮትል የሚባል ነገር የለህም። ስለዚህ የሞተሩ ገመድ በረቂቁ ውስጥ ለብቻው አንቀጽ ይኑረው።

ሁለተኛ፣ በሞተሩና በካቢኑ መሃል ያለው ግድግዳ ስቴንለስ ነው። ስቴንለስ ከረንት ሲያሳልፍ ከመዳብ 40 ጊዜ ያህል ይከፋል። የግራውንድ ብሎኩን (ኔጌቲቭ ገመዶች የሚሰበሰቡበትን) እሱ ላይ አስረን «አካሉን አግኝቷል» ብለን እንዳንተወው። ከብሎኩ ወደ አሉሚኒየሙ ሎንጀሮን (የአካሉ ቁመታዊ ተሸካሚ ዘንግ) ወፍራም አጭር ገመድ ያስፈልጋል።

ሰብሳቢ፦ ይህን ጸሐፊያችን መዝግብልን። ማግኔቶውስ?

የጥገና ቴክኒሻን፦ ማግኔቶ፣ የሞተሩን የእሳት ብልጭታ የሚያመነጨው ዕቃ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ግራውንድ ሲያገኝ ይጠፋል፣ ሲያጣ ይሠራል። ገመዱ ቢበጠስ ቁልፉ ተዘግቶም ማግኔቶው በሕይወት አለ። ፕሮፔለሩን በእጁ ያንቀሳቀሰ ሰው እጁን ሊያጣ ይችላል። ሃንጋራችን ልጆች ይዞ የሚመጣ ሰው የማይጠፋበት ስለሆነ ይህን ሳልናገር አላልፍም። የማግኔቶው ገመድ ሽፋን ያለው ይሁን። ሞተሩን ከማጥፋታችን በፊት በዝቅተኛ ዙር ቁልፉን ለአፍታ ዘግተን ሁለቱም ማግኔቶዎች እንደሚሞቱ እናረጋግጥ።

የሬዲዮ ክፍል፦ ወደ እኔ ቤት ልመልሳችሁ። የጆሮ ማዳመጫና የማይክ ሶኬቶቹ ላሜራውን መንካት የለባቸውም። በፕላስቲክ ሮንዴላ ይለዩ። ግራውንዳቸው በገመድ ወደ ኢንተርኮሙ ብቻ ይሂድ። ሶኬቱ አካሉንም ኢንተርኮሙንም ካገኘ፣ የዲናሞው ጩኸት ጆሯችን ውስጥ ነው የሚያድረው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ አንድ የግራውንድ ባር ይኑር፣ ሬዲዮውና ስክሪኖቹ በሙሉ እዚያ ይምጡ። የካቢኑ ጣሪያና በሮቹ ፋይበርግላስ መሆናቸውንም እንዳንረሳ። ጣሪያው ላይ የሚታሰር መብራት የራሱ ኔጌቲቭ ገመድ ከሌለው አይበራም።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ ጥያቄ አለኝ። ታዲያ ለምን ሁሉንም ነገር ወደ አንድ ቦታ አናመጣም? የፒቶቱን (የፍጥነት መለኪያ ቱቦውን) ማሞቂያም፣ መብራቱንም።

የኤሌክትሪክ ክፍል፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ማሞቂያው አይሰማም፣ አይናገርም። ኔጌቲቩ ላይ ትንሽ ቮልት ቢወዛወዝ ግድ የለውም። ስለዚህ እዚያው ክንፉ ውስጥ ይታሰር። የሚጮኸውና የሚያዳምጠው ዕቃ ነው ወደ አንድ ቦታ መምጣት ያለበት። ማግኔቶሜትሩ ባይኖር ኖሮ የክንፉን መብራትም እዚያው እናስረው ነበር።

ጸሐፊ፦ እስካሁን የተባለውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ አርሙልኝ።

«የባትሪው ኔጌቲቭ ጭራ ውስጥ ካለው መዋቅር ጋር በፕላኑ መሠረት ይታሰራል፤ ከረንቱ በአካሉ ይመለሳል። ከሞተሩ ክራንክኬዝ (ዋና አካል) ወደ ግድግዳው የግራውንድ ብሎክ የተሸረበ ገመድ፣ ከብሎኩ ወደ ሎንጀሮን ሁለተኛ ገመድ ይዘረጋል። የሬዲዮና የስክሪን ኔጌቲቮች ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው ባር ይሰበሰባሉ። የፒቶት ማሞቂያ ባለበት ይታሰራል። ማግኔቶሜትሩ ወደ ክንፍ ጫፍ ይዛወራል፣ የዚያ ጫፍ መብራት በተጠማዘዘ ጥንድ ገመድ ይሠራል። በየማሰሪያው ፕራይመሩ ይነሳል፣ ቲን የተቀባ ካፖኮርዳ (የገመድ ጫፍ ማሰሪያ ብረት) ይታሰራል፣ ዙሪያው ተመልሶ ይሸፈናል።»

የሞተር ክፍል፦ «ፕራይመሩ ይነሳል» ብቻ አይበቃም። ሰው በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ይሄዳል። ከካፖኮርዳው ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይጠረግ በል። ባዶ መዳብም አሉሚኒየም ላይ አይታሰር። እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። መለኪያውስ የት ገባ? ሳይለካ አልፈርምም ብያለሁ።

የጥገና ቴክኒሻን፦ መለኪያው የኤፍ.ኤ.ኤ. (የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን) የጥገና መመሪያ፣ ኤሲ 43.13-1ቢ ላይ አለ። አንድ የቦንዲንግ ማሰሪያ (ብረትን ከብረት በኤሌክትሪክ የሚያገናኝ) ከ0.003 ኦም አይብለጥ ይላል። ከባትሪው ግራውንድ እስከ ማንኛውም ዕቃ ግራውንድ ደግሞ 0.005 ኦም ይበቃል። በአንድ ብሎን ላይም ከ4 የግራውንድ ገመድ በላይ አይታሰርም።

አዲስ አባል፦ የእኔ ቴስተር እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር አያነብም።

የኤሌክትሪክ ክፍል፦ የማንም ተራ ቴስተር አያነብም። መፍትሔው ቀላል ነው። 10 አምፒር በማሰሪያው ውስጥ እናሳልፍና ሚሊቮልቱን እናንብብ። 30 ሚሊቮልት ማለት 0.003 ኦም ነው። ከባትሪ እስከ ሞተር ያለው ከ50 ሚሊቮልት መብለጥ የለበትም። በኋላ ሞተሪኖው ሲዞር ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ክራንክኬዙ እንደገና እንለካለን። ጋሼ፣ ይህ ይበቃል?

የሞተር ክፍል፦ የተለካው በወረቀት ከተያዘ እፈርማለሁ። ቁጥሩ ካለፈ ግን ያልኩት ገመድ ይገባል፤ ይህም ረቂቁ ላይ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ ሁለቱንም ጨምሬያለሁ። አንድ አባል አውሮፕላኑ «ፀሐይ» ይባል ብለው ልከውልኛል። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርታ፣ ጣሊያን ወስዳት በ2024 ለመለሰቻት አውሮፕላን መታሰቢያ እንዲሆን ነው።

የሬዲዮ ክፍል፦ ስሙን ወድጄዋለሁ። ግን መጀመሪያ ይነሳ እንጂ!

ሰብሳቢ፦ ስሙ በሌላ አጀንዳ ይምጣ። ረቂቁ እንዲህ ሆኖ ለአማካሪው ይላካል። የነዳጅ መሙያው የስታቲክ (የሰበቃ ኤሌክትሪክ ማስወገጃ) ማሰሪያ ቀርቷል፣ ቴክኒሻናችን አንድ አንቀጽ እስከ ሐሙስ ይጻፍልን። የትልቁ ካፖኮርዳ መጭመቂያ እጁ ያለ ሰው ቅዳሜ ይዞት ይምጣ። በፒንሳ የተጨመቀ ካፖኮርዳ አንቀበልም።