ጥቆማ፦ ለሴስና 172 የሚሆን ጫጫታ ቀናሽ ሄድሴት

ጀማሪ_ክንፍ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በትንሹ አውሮፕላን በሴስና 172 የአብራሪነት ልምምድ ልጀምር ነው፤ ቀጥሎ ትልቁ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ዳሽ 8 ኪው400 ይሆናል። መነጽር አደርጋለሁ። ባትሪ የማይፈልገውን ዴቪድ ክላርክ ሄድሴት ልግዛ ወይስ ጫጫታውን በተቃራኒ ድምፅ የሚያጠፋውን፣ በባትሪ የሚሠራውን ኤ.ኤን.አር? ቶሎ የማይበላሽ ጠቁሙኝ።

አረንጓዴው፦ እህቴ፣ ዴቪድ ክላርክ ኤች10-13.4 ውሰጂ። 23 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ባትሪ አለቀ የሚባል ነገር የለም፣ የተበላሸው ክፍል ብቻ ተገዝቶ ይለወጣል። ሌላ አትመልከቺ።

80_ሄርትዝ፦ ያ 23 የሚለካው ባትሪ በሌለው መከላከያ ነው፤ ኤ.ኤን.አሮቹ ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥር ስለማይጻፍላቸው ማወዳደሪያ አይሆንም። ዋናው የድምፁ ዓይነት ነው። የ172 ፕሮፔለር ሁለት ምላጭ አለው፤ በደቂቃ 2,400 ሲዞር 80 ሄርትዝ የሆነ ጉምጉምታ ያወጣል። የኪው400ውም ስድስት ምላጭ ሆኖ በ850 ዙር 85 ሄርትዝ ላይ ነው። ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ይይዛል እንጂ ይህን ወፍራሙን በደንብ አይይዝም፤ ኤ.ኤን.አር የሚያጠፋው ግን በትክክል እሱን ነው። ለሁለቱም አውሮፕላን ኤ.ኤን.አር።

አረንጓዴው፦ ባትሪው አየር ላይ ሲያልቅስ?

80_ሄርትዝ፦ በሁለቱ የኤ.ኤን.አር ሠሪዎች፣ በቦዝም በላይትስፒድም፣ ሬዲዮው መሰማቱን ይቀጥላል፣ የሚቋረጠው ጫጫታ መቀነሱ ብቻ ነው። ቦዝ ኤ20 በሁለት ድንጋይ 45 ሰዓት ገደማ ይሄዳል።

ተቃጥያለሁ፦ ያገለገለ ከማታውቁት ሰው አትግዙ! ለሴስና ነው ተብሎ የተሸጠው የሄሊኮፕተር ሆኖ መጣ፣ ፕላጉ አንድ ብቻ። ሻጩ ስልክ አያነሳም።

ገመድ_ሠሪ፦ ወንድሜ፣ አትጣለው። ነጠላው ፕላግ ዩ-174 ይባላል። የሲቪል ሄሊኮፕተር ከሆነ በአስማሚ ሴስና ላይ ይሠራል። የወታደር ከሆነ ግን የድምፅ ማጉያውና የማይኩ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ መጠን) ስለሚለይ አስማሚ ብቻውን አይበቃም። መለያ ወረቀቱን አንብብ።

ተቃጥያለሁ፦ ወረቀቱ ተልጧል።

ገመድ_ሠሪ፦ እንግዲያው ማጉያውን በኦም መለኪያ (መልቲሜትር) ለካው። ጥቂት ኦም ብቻ ካሳየ የወታደር ነው፣ መቶዎች ከሆነ የሲቪል።

ሙዚቃ_ወዳጅ፦ ለጉዞ የሚሸጠው ብሉቱዝ ጫጫታ ቀናሽስ አይሆንም?

80_ሄርትዝ፦ አይሆንም። ሬዲዮው የሚቀበለው የማይክ ፕላግ የለውም። የጥሪ ማዳመጫ አይደለም የተጠየቀው፤ እባካችሁ ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ዙሉ_ብቻ፦ ላይትስፒድ ዙሉ 3! ሰባት ዓመት ዋስትና አለው። ሌላው የላይትስፒድ ሄድሴት ዴልታ ዙሉ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር ያስጠነቅቃል፤ ከጭስ ማውጫ የሚሾልከው ይህ መርዛማ ጋዝ ራሱ ሽታ ስለሌለው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቦዝ ለስሙ ነው የሚገዛው።

ቀኝ_ወንበር፦ የመነጽሩን ነገር ማንም አልመለሰላትም። ወፍራም የመነጽር እጀታ የጆሮውን ትራስ ያነሳና ጫጫታ ያስገባል፤ ኤ.ኤን.አርም ከዚህ አያድንም። ቀጭን የብረት እጀታ ይሁን። ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራ ጆሮሽን የሚሸፍነውን ጽዋ በመዳፍሽ ጫን አድርጊ፤ ጫጫታው ጎልቶ ከቀነሰ ትራሱ እያፈሰ ነው። ማይኩን ከከንፈርሽ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አስጠጊው፣ ካልሆነ ኢንተርኮሙ (አውሮፕላኑ ውስጥ ያሉትን የሚያነጋግረው መሣሪያ) ድምፅሽን ይቆርጠዋል። ስትገዢ ሁለት ፕላግ መሆኑን እይ፦ ወፍራሙ 6.35 ሚሊ ሜትር ለመስሚያ፣ ቀጭኑ ለማይክ። ሌሞ የሚባለው ባለ ስድስት ሹል ፕላግ ግን ሶኬቱ የተገጠመለት አውሮፕላን ብቻ ላይ ነው የሚሠራው፤ የትምህርት ቤቱን አውሮፕላን ሳታዪ አትግዢው።

ጀማሪ_ክንፍ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመነጽሬ እጀታ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፣ እሱን እቀይራለሁ። ትራሱ በስንት ጊዜ ይለወጣል?

አረንጓዴው፦ ሲደነድን ወይም ሲሰነጠቅ። የዴቪድ ክላርክ ጄል ትራስ ግን ከሁሉም ይበልጣል።