ጅራታሙ ኮከብ ፀሐይን እየተጠጋ ነው፤ ከዚህ በኋላ እንዴት ልከታተለው?

ጥያቄ (ንጋት)፦
ሰላም ወዳጆች። አንድ ጅራታም ኮከብ በባይናኩላር እየተከታተልኩ ነው። በየቀኑ ይደምቃል፣ ግን ወደ አድማስም ይወርዳል። አሁን ጎህ ሊቀድ ሲል ብቅ ይልና ወዲያው ይነጋበታል። ትንበያው ድምቀቱ 4 ማግኒቲውድ (የከዋክብት ድምቀት መለኪያ) ነው ይላል፤ እኔ ሳየው ግን 4 የሚባሉት ኮከቦች በጣም ይበልጡታል። ትንበያው ተሳስቶ ነው? ፀሐይ አጠገብ ሲደርስስ በምን ልየው? እባካችሁ እርዱኝ፣ እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።

መልስ (ሌሊት ጠባቂ)፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ዓይንሽን። ፀሐይ የምትወጣበትን ሰዓት እይና ከዚያ 10 ደቂቃ ቀድሞ የሚጮህ ማንቂያ ስልክሽ ላይ ሙዪ። ሲጮህ ባይናኩላሩን አስቀምጪ፣ «አንዴ ብቻ ልሞክር» የለም። ፀሐይ በባይናኩላር ለቅጽበት ብትታይ እንኳ ዓይን ታጠፋለች፣ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል) ደግሞ ሲቃጠል አያምም።

መልስ (አድማስ)፦
ትንበያው ላይሳሳት ይችላል። 4 የተባለው ብርሃኑ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ቢሰበሰብ የሚኖረው ድምቀት ነው። የጅራታም ኮከብ ብርሃን ግን ሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል፣ አድማስ አጠገብ ያለው ወፍራም አየርም ይቀንስበታል። እንዲህ ሞክሪ፦ መጀመሪያ ፎከሱን አስተካክለሽ የጅራታሙን ኮከብ ጭንቅላት ድምቀትና ስፋት በደንብ ያዢ። ከዚያ ፎከሱን አበላሽተሽ አጠገቡ ያሉትን ኮከቦች የእሱን ያህል እስኪሰፉ አደብዝዢያቸው። አንዱ ከእሱ ደመቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ያለ ከሆነ ግምትሽ በሁለቱ መሃል ነው።

መልስ (ኮሮና)፦
ከፀሐይ 8 ዲግሪ ገደማ ውስጥ ከገባ የሶሆን ምስሎች ክፈቺ። ሶሆ በ1995 እ.ኤ.አ. የመጠቀች የናሳና የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት መንኮራኩር ናት፣ ምስሎቿም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ላስኮ ሲ3 የሚባለውን የካሜራዋን ሰማያዊ ምስል ምረጪ። መሃሉ ላይ ፀሐይን የሚጋርድ ክብ አለ። አንድ ምስል ላይ ታይቶ ቀጣዩ ላይ የሚጠፋ ነጭ ነጥብ የጠፈር ቅንጣት ካሜራውን መትቶት ነው፣ እርሺው። ኮከቦቹ ሁሉ አብረው ቀስ እያሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። በራሱ አቅጣጫና ፍጥነት የሚሄደውን ፈልጊ፤ በጣም ከደመቀ ደግሞ በጎንና በጎኑ አግድም ነጭ መስመር ይወጣበታል። በነዚህ ምስሎች ከ5,000 በላይ ጅራታም ኮከቦች ተገኝተዋል፣ አብዛኞቹን ያገኟቸው እንደኛ ያሉ አማተሮች ናቸው!

ንጋት፦
እግዜር ይስጥልኝ! ግን ይተርፋል?

መልስ (አድማስ)፦
ቀድሞ ማወቅ ከባድ ነው። አይሰን የተባለው ጅራታም ኮከብ ኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ብዙ ተጠብቆ ፀሐይ አጠገብ ተበታተነ። ላቭጆይ የተባለው ግን በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ከፀሐይ ገጽ 140,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አልፎ ወጣ፣ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ያልቅለታል ብሎ ነበር። የጭንቅላቱን መሃል ተከታተዪ፦ ያ ደማቅ ነጥብ ከሞላለለና ከፈዘዘ እየፈረሰ ሊሆን ይችላል።

መልስ (ሌሊት ጠባቂ)፦
ካለፈ በኋላ ማታ ይሁን ንጋት ላይ የሚወጣው ከወዲሁ አጣሪ፣ ጎኑን ሊቀይር ይችላል። ጭራው ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ ስለሚዘረጋ፣ ጭንቅላቱ ከአድማስ በታች ሆኖ እንኳ ጭራው ብቻውን ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ጭንቅላቱ ካልታየሽ ቶሎ አትግቢ፣ ከፍ አድርገሽም ፈልጊ።